ስኳርሽ ወርዶ ነው

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምላስሽ እንደ መቀስሽ ነው ይሉኛል። እሱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። የተዋወቅነው ለምርምር ደም ልሰጥ ሄጄ ጋዋኑ ብብቱ ሥር ተተርትሮ ባየሁ ጊዜ ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄን ለብሰህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው? አውልቀውና ልስፋልህ!»

ሳቀና አወለቀው። ከዚያ ወዲህ ጋዋኑ በየሳምንቱ ይተረተር ጀመር። በጥርሱ ይሁን በምን፣ እሱ ይወቅ።

ተዋደድን። አንድ ነገር ብቻ ያበሽቀኝ ነበር። የስኳር በሽታ አለብኝ፤ ስኳሬ ሲወርድ ላብ ያጠምቀኛል፣ ነጭናጫም ያደርገኛል። ይህን ካወቀ በኋላ በተቆጣሁ ቁጥር ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። አርፍዶ መጥቶ ስጮህበት እንኳ «ስኳርሽ ወርዶ ነው፣ እንቺ» ይለኛል።

«አልወረደም፣ የኔ ጌታ! አንተ ነህ ቆሽቴን የምታሳርረው!»

«ላግባሽ» ያለኝ ቀን እንቢ አልኩት።

ከረሜላውን አወጣ።

«አስቀምጠው» አልኩ፤ አልጮህኩም። «የምሬን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በመርፌ የምኖረው የገዛ ገላዬ ቆሽቴን ስላጠቃው አይደል? እኔ ራሴ ያላመንኩትን ገላ እንዴት ላንተ ልስጥ? እወድሃለሁ፤ ግን ይታክትሃል።»

ከረሜላውን ኪሱ መለሰው። ከዚያ «ነይማ» ብሎ እጄን ያዘና ላቦራቶሪ አስገባኝ። ወንበር ሳበልኝ፤ ማይክሮስኮፑን አስተካከለ።

«ስኳር የያዛት አይጥ ቆሽት ነው። እዪው።»

ሐምራዊ ሜዳ ላይ አንዲት የፈዘዘች ደሴት ነበረች። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ዙሪያዋን ከበዋታል፤ አንዳንዶቹም ዘልቀው ገብተዋል።

«ደሴቷ ኢንሱሊን የሚሠራባት ቦታ ናት» አለ በዝግታ። «የከበቧት በማቅለሚያ የጠቆሩ ነጭ የደም ሴሎች፣ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ጠላት የገባ መስሏቸው ነው።»

«ገላጋይ የላቸውም?»

«አላቸው!» ዓይኑ በራ። «መሃላቸው ‹ተዉ› የሚሉ ሴሎች አሉ። እዚህ ግን አልቻሏቸውም።»

«ታዲያ ምን ሊያጽናናኝ ነው?»

«ጣትሽን ስንቴ መርፌ ወግቶታል? መግሎብሽ ያውቃል?»

ጣቶቼን አየኋቸው። በሥራም በምርመራም ተወግተው ተወግተው ሻክረዋል። አንዱም መግሎ አያውቅም።

«ያን የጠበቁልሽ የእነዚሁ ጓዶች ናቸው።»

ደግሜ ጎንበስ አልኩ። አቤት፣ ያ ሁሉ ዘበኛ እኔ ውስጥ! እኔ ስተኛ የማይተኛ፣ ባላመሰግነውም የማይቀየም። ለካ ገላዬ ተሳስቶ ነው እንጂ ጠልቶኝ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ አኩርፌው ነበር። እንባዬ ዓይኔን ጋረደው።

ቀና ስል አሁንም ቆሟል።

«እሺ፣ አግባኝ» አልኩት።

ደነገጠ። እጁን ኪሱ ከተተ። «ስኳርሽ... ወርዶ እንዳይሆን?»

መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ ጣቴን ወጋሁ። ሁለታችንም ቁጥሩ እስኪወጣ አጎንብሰን ጠበቅን። ደህና ነበር።

«አየህ? እሺ ያልኩህ እኔው ነኝ።»

ከረሜላውን ግን ተቀበልኩት። ልጬ እሱ አፍ ውስጥ ከተትኩት፤ ላብ ያጠመቀው እሱን ነበርና።