ስምንት ጠጠሮች

የፍሳሽ ቦዩ ጥገና የጨረታ ሳጥን ሊከፈት ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ጸሐፊዋ የማዘጋጃ ቤቱን ዋጋ ገማች መዝገብ ክፍል ውስጥ ሞተው አገኘቻቸው። ጭንቅላታቸውን የብረት መደርደሪያው ጥግ መትቶታል። አጠገባቸው መሰላል ወድቋል፤ ደረታቸው ላይ አንድ አሮጌ ፋይል ተበትኗል።

መርማሪዋ ከሬሳው ጎን ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የሟቹ ጫማ እስከ ማሰሪያው ድረስ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዱካውም ከበሩ እስከ መደርደሪያው ታትሟል። በቀኝ ኪሳቸው ስምንት ጠጠሮች ነበሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ተጫራቾች አዳራሹን ሞልተውታል» አለ የግዥ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ። «አራት ሰዓት ይከፈታል ብለን አውጀናል፤ መመሪያው ደቂቃ አያሳልፍም። ገዳዩም እንደሆነ ተይዟል።»

የተያዘው የበሩ ጥበቃ ነው። ትናንት ማምሻውን ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። በካቴና ታስሮ መኪና እየጠበቀ ነው። ሚስቱ ቁርሱን በጨርቅ ቋጥራ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው መርማሪዋ።

«ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰው አታስገባ ተብያለሁ፣ እትዬ። ጋሼ ጠጠር ግን ‹ሳጥኑ ሳይከፈት የማርመው ስህተት አለ› ብለው ድርቅ አሉ። ጮኹብኝ፣ ጮኽኩባቸው፤ በመጨረሻ አስገባኋቸው። ምነው እጄን በቆረጠው!»

«ለምን ጋሼ ጠጠር አላችኋቸው?»

«ሲለኩ ሜትሩን በዘረጉ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ወሬ ቢይዛቸውም ቁጥሩ አይጠፋባቸውም።»

«ሜትሩ ስንት ነው?»

«ሃምሳ።»

«እሳቸው ሲገቡ ውስጥ ሰው ነበር?»

«ማንም... ረዳታቸው ሲወጣ አላየሁም። ግን እሱ ቀድሞ ሹልክ ማለት ልማዱ ነው። በኋላ ደግሞ የውሃ ሞተሩን ላጠፋ ወደ ጓሮ ዞሬ ነበር።»

ረዳት ገማቹ ዓይኑ ቀልቷል። «ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጥበቃው ሰው አይገድልም፤ ልቀቁት። ጋሼ የድሮ ዋጋ ሊያዩ ወጥተው ወድቀው ነው። ግምት ስንሠራ መጀመሪያ የምንገልጠው የድሮውን ፋይል ነው።»

ጸሐፊዋ እንባዋን ሳትጠርግ ከት ብላ ሳቀች። «ጋሼ? ከድሮ ፋይል? ‹ሦስት ወር ያለፈው ዋጋ የሞተ ዋጋ ነው› እያሉ ስንት ገጽ አስደግመውኛል! ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሦስት ሱቅ ካልዞሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው!»

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መርማሪዋ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበች። ጥበቃው ከነካቴናው ጥግ ላይ ቆመ።

«ጭቃው ወለሉ ላይ አለ» አለች፤ «መሰላሉ ላይ ግን ቅንጣት የለም። ስለዚህ ሟቹ አልወጡበትም። መሰላሉን ያጋደመው፣ ፋይሉንም የበተነው ሌላ ሰው ነው፤ ገማች ሁሉ ከድሮ ፋይል የሚጀምር የመሰለው ሰው።»

ጠጠሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ጭቃው ቦዩን ትናንት ራሳቸው እንደለኩ ይናገራል፤ ስምንት ጊዜ ሃምሳ አራት መቶ ነው። የጨረታ ሰነዳችሁ ቦዩን ስንት ይለዋል?»

ኃላፊው ገለጠ። «ስድስት መቶ አርባ ሜትር።»

«ከሬሳው ላይ ያነሳሁት ፋይልም ስድስት መቶ አርባ ይላል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የቦዩን አንዱን ጫፍ አዲሱ መንገድ ቀብሮታል። እዚያ የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል። የእናንተን ልኬት የጻፈው ግን አልሄደም፤ ከፋይሉ ገለበጠ። መቶ ፋይል ባለበት ክፍል ይሄንኑ ያወረደው እጁ ስለለመደው ነው። ‹ለክቻለሁ› ብሎ የፈረመው ማነው?»

ኃላፊው የገጹን ግርጌ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ፊርማ ሰው አይገድልም» አለ ረዳቱ።

«አይገድልም። ግን ትናንት መውጫ መዝገቡ ላይ ሁሉም ፈርመዋል፤ የጎደለው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። ይሄ ጥበቃ ቀድመህ የወጣህ መስሎት ሳይጠረጥርህ ስለቀረ እጁ ታስሯል።» መጋረጃውን ሰበሰበችው። ሴትዮዋ ቋጠሮዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። «ያቺ ሚስቱ ናት። ጋሼ እንዴት እንደወደቁ ውጣና ንገራት።»

ረዳቱ ወደ መስኮቱ ማየት አልቻለም።

«በማንም እንዳይመጣ ብዬ ነው መሰላሉን...» ድምፁ ተሰበረ። «ለተጫራቾች ሁሉ ማስተካከያ ይጻፋል አሉ፤ ከነምክንያቱ። ‹ጋሼ፣ ምክንያቱን ይተዉልኝ› ብዬ እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ሊያስለቅቁኝ ሲታገሉ ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

አራት ሰዓት ሞላ። ኃላፊው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ጨረታው መተላለፉን ተናገረና ተመለሰ። ካቴናው ከጥበቃው እጅ ወደ ረዳቱ ተዛውሯል። በመስኮቱ ጥበቃውና ሚስቱ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ ቋጠሮውን የፈታው የለም።

«ማስተካከያው ላይ ስንት ሜትር ብለን እንጻፍ?» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መርማሪዋ ስምንቱን ጠጠሮች ወደ እሱ ገፋችለት።

«አራት መቶውን እሳቸው ለክተውላችኋል። ሃምሳ ያልሞላችውን ትራፊ ግን ሄዳችሁ ለኩ።»