እምቢ ያለው የብርቄ ሆድ

ካ! ካ! ካ! ኧረ ቆዩ፣ ሳቄ ይለቀኝ! ዋናው ጉድ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ግን ከምሳው ልጀምር።

የወንድሜ ልጅ ብርቄ ምሳ ቀረበላት። «አልበላም! ዛሬ ዘመን አያገኘኝም!» ብላ ወደ ጓሮ ፈረጠጠች።

ዘመን ታላቅ ወንድሟ ነው። ኩኩሉ ሲጫወቱ እሱ ሁሌ ያገኛታል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አግኝታው አታውቅም!

ዘመን ዓይኑን ጨፈነ። «ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

«ኩኩሉ!»

ሮጣ በርሜሉ ኋላ ኩርምት አለችና «ነግቷል!» አለች። ጭጭ!

ከዚያ ሆዷ፦ ጉርርር!

«ዝም በል!» አለችው በሹክሹክታ።

ሆዷ ምን አለ? እምቢ! ጉርርር!

«ያዝኩሽ!» አለ ዘመን። «እኔ እኮ በርሜሉ ያጉረመረመ መስሎኝ ነበር!» በሳቅ ፈረሰ።

ብርቄ ተናደደች። «እጄ፣ ተነሳ!» እጇ ተነሳ። «እግሬ፣ ዝለል!» እግሯ ዘለለ። «ሆዴ፣ ዝም በል!»

ሆዷ ምን አለ? እምቢ! ጉርርር!

እየበረረች እኔ ዘንድ መጣች። «እታለም፣ ይሄ ሆድ የማን ነው? የእኔ አይደለም እንዴ?»

«ያንቺማ ነው! ግን ካንቺ ትእዛዝ አይቀበልም» አልኳት። «ነርቭ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉልሽ። መልእክታቸውን በሆድሽ ጡንቻ ላይ ጠብ! ጠብ! ያደርጋሉ።»

«ከዚያስ?»

«አንዷ ትንሽዬ የጡንቻ ሕዋስ ትሰማና ለጎረቤቷ ትነግራለች። ጎረቤቷ ደግሞ ለጎረቤቷ! ከዚያ ሁሉም ጭምቅ! ልቅቅ! ጭምቅ! ልቅቅ! ተኝተሽም ሥራ አይፈቱም፤ አንቺንም አያስፈቅዱም። ሆድሽ ባዶ ሲሆን ደግሞ ጭምቅ ልቅቁ ጉርርር እያለ ይሰማል።»

«የዘመንም ሆድ እንደዚሁ ነው?»

«የዘመንም፣ የድመቷም፣ የበጓም!»

ብርቄ ፈገግ አለች። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ዘመንስ? «አሸንፌያለሁ! አሸንፌያለሁ!» እያለ ሲጨፍር ምሳውን ረስቶታል።

«አሁን ፈላጊዋ እኔ ነኝ!» አለች ብርቄ። «ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

«ኩኩሉ!»

«ነግቷል!» ጭጭ!

ብርቄ አልሮጠችም። ዝም ብላ ቆመች። ጆሮዋን ብቻ ቀጥ አደረገች።

ከእንጨቱ ክምር ኋላ፦ ጉርርር!

«ዝም በል!» አለ ዘመን በሹክሹክታ።

ሆዱ ምን አለ? እምቢ! ጉርርር!

ብርቄ ዘላ ወገቡን እቅፍ አደረገችው።

«ያዝኩህ! ምን ትቆጣዋለህ ጋሼ? ሆድ የማንንም ትእዛዝ አይሰማም! ይልቅ ና፣ ምሳህን ብላ!»