ያልደረቀው ዱቄት

ቆቅ ለአለቃው የላከው መልእክት፦ «ዱቄቱ እውነተኛ ነው። ዶክተሯን እናውጣት።»

ሙጫ የላከው፦ «ዱቄቱ የውሸት ነው። ዶክተሯ ሸውዳናለች።»

ሁለቱ ሰላዮች የጻፉት ስለ አንድ ብልቃጥ ዱቄት ነው።

ሙጫ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን መስሎ ተቀምጧል። ቆቅ የኦክስጅን ሲሊንደር አመላላሽ መስሎ ይገባል ይወጣል። የፋብሪካው ተመራማሪ የሆነችው ዶክተር የካታሊስቷን፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥነውን ዱቄቷን፣ አሠራር ልትነግራቸው፣ እነሱም ከአገር ሊያስወጧት ተስማምተዋል። ናሙናውን ጠዋት የሰጠችው ግን ለቆቅ ነው።

እየሳቀች።

ሙጫ ይህን ያህል ጊዜ አጠገቧ ሲሠራ እንደዚያ ስቃለት አታውቅም።

ብልቃጡን እንዲመረምረው ሲያቀብለው ቆቅ ደግሞ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ሎሚ የመጠጥክ መሰልክ?» አለው።

«ሲሊንደርህን አስቀምጥና ሂድ።»

አሁን ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው። በስልክ አጎትና የወንድም ልጅ መስለው ያወራሉ።

«ሠርገኞቹ መኪና ውስጥ ናቸው። ሙሽሪት ትምጣ ትቅር? አንተን ነው የምሰማው።»

ሙሽሪት ዶክተሯ ናት። ከቀረች፣ የናሙናው መጉደል ሲታወቅ በጥበቃዎቹ እጅ ትወድቃለች።

«አጎቴ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

የጠዋቱን ውጤት እንደገና አየ። እውነተኛው ካታሊስት ላይ ቫናዲየም ኦክሳይድ የተባለው ኬሚካል ነጩን ዱቄት እንደ ስስ ቀለም ይሸፍነዋል። የመመርመሪያው ሌዘር ስክሪኑ ላይ ያሳየው መስመር ግን ተራ ክሪስታል የሚታይበት ቦታ ላይ ነው፤ የውሸት ነው ያሰኘውም ይኸው ነው።

ዱቄቱን አላደረቀውም ነበር።

የአየር እርጥበት ሲነካው ስሱ ሽፋን ክሪስታል እንደሚመስል ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ቅናት አስቸኩሎት እርጥቡን ለክቶታል።

ዱቄቱን ማሞቂያው ውስጥ ዘጋበት። ቆቅ ያመጣውን ኦክስጅን ለቀቀበት። ክሪስታል ከሆነ መስመሩ ንቅንቅ አይልም።

መስመሩ ከቦታው ሸሸ።

ዶክተሯ አልዋሸችም። ቆቅም ልክ ነበር። ይህኛው ይበልጥ አንገበገበው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቆቅ ባዶ መኪና ይዞ ይሄዳል። እሷ እዚሁ ትቀራለች።

ለማን ነው የምትቀረው፤ ለእሱ ወይስ ለጥበቃዎቹ?

ኮሪደሩ ላይ የጥበቃዎቹ ጫማ ተሰማ። የጎደለውን ናሙና ፍለጋ በር በር እያንኳኩ ይመጣሉ። ናሙናውን እሱ ጋ ካገኙት እሷን የሚፈልግ የለም።

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ፣ በሩ ሲከፈት በሚታይበት ቦታ አቆመው።

«አጎቴ፣ ተሳስቼ ነበር። ሙሽሪት ትሂድ። ቆቅ ይውሰዳት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ። ሚዜ እንጂ ሙሽራ አለመሆኑን ግን ለቆቅ ንገርልኝ።»

አለቃው ሳቅ አለና ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። «አንተስ ልጄ?»

በሩ ተንኳኳ። ሙጫ እንደማንኛውም ቴክኒሻን የነጭ ጋውኑን ቁልፎች ቆለፈ።

«እኔ እቀራለሁ።»