አፈሩ የታጠበ ሳንቲም

ሙነወር ከሬሳ ጋር ተቆልፎበታል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተዘግቷል። ፖሊስ ሲገባ የወሎው ሳንቲም ነጋዴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የጥንት ሳንቲም አጥኚው አቶ ገብረዝጊ ራሳቸውን ተመተው፣ ሞተው ጠረጴዛው ሥር ወድቀዋል።

ኢንስፔክተር እታለም ዓይደር ሰፈር ወዳለው የጥናት ክፍል ስትደርስ ሙነወር በካቴና ታስሯል። ችኮላ የማትወድ ሴት ናት። በሩን አስዘግታ ማንም እንዳይወጣ አዘዘች፤ ክፍሉም ወዲያው ታፈነ።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ባልደረባ ዶክተር ገዛኢ። «ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ገዳዩ እንዳያመልጥ ጓጉንቸሩን ጫንኩት።»

«ምን አጨቃጨቃቸው?»

«እጃቸውን ይዩት።»

በሟቹ መዳፍ ውስጥ የአክሱም ዘመን ሳንቲም ያብረቀርቃል።

«ነጋዴ አይደል? ሳንቲሞቹን በሎሚ አሽቶ ያስውባቸዋል። አቶ ገብረዝጊ ነቅተውበት ይሆናል።»

እታለም ወደ እስረኛው ዞረች። «አንተስ ሓወይ፣ ወንድሜ?»

«ወላሂ፣ ስገባ ወድቀው ነው ያገኘኋቸው። ጋሼን ላነሣ ስል በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ብጮህ ማን ይስማኝ?»

ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አውጥታ ፈታችው። የገበሬ ማሳ ላይ የተገኙ ሳንቲሞች ናቸው፤ ገና እንደተቆፈረ ድንች ጭቃ ለብሰዋል።

«አታጥባቸውም?»

«ድሮ አጥብ ነበር። ጋሼ ተቆጡኝ። አሁን ያለ አፈሩ አይቀበሉኝም።»

«እውነቱን ነው» አለች የክፍሉን ቅርስ የምትጠብቀው አክሱማዊት። «የሮም፣ የአክሱም፣ የፋርስ፣ የዐረብ ሳንቲም ከየትኛው አፈር እንደወጣ እያዩ ነው፣ አገሩ በየዘመኑ ለማን እንደገበረና ከማን እንደነገደ የሚያነቡት።»

«ሳንቲም እንዴት ይይዙ ነበር?»

«በሁለት ጣት፣ ጠርዙን። የመዳፍ ላብ ይበላዋል ይላሉ። እኔ አንዴ ብጨብጥ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።»

እታለም ከመደርደሪያው አንድ ትሪ ሳበች። አክሱማዊት እንደነገረቻት ዶክተር ገዛኢ አብረው ተቀብረው ከአንድ ማሰሮ ወጡ ብሎ መጽሐፍ የጻፈባቸው ሳንቲሞች ናቸው። ሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ አንደኛው ቦታ ባዶ ነው። በሟቹ እጅ የነበረውን ብታስቀምጥበት ልክክ አለ። አጉሊ መነጽር አንሥታ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች።

«አሁን ስሙኝ» አለች። «ሳንቲም ጨብጠው የማያውቁ ሰው ሲሞቱ አይጨብጡም። ሌላ ሰው አስጨብጧቸዋል። ሙነወር የሚያመጣው ከነአፈሩ ነው፤ ይሄኛው ታጥቧል። የመጣውም ከዚህ ትሪ ነው።»

«ሳንቲም ማጠብ ወንጀል ሆነ?» አለ ገዛኢ።

«የታጠቡት ከአንድ ማሰሮ ስላልወጡ ነው። በነገሥታቱ ፊት ዙሪያ፣ ጭረቱ ውስጥ፣ በአንዱ ቀይ፣ በሌላው ጥቁር አፈር ቀርቷል። እኔ ካየሁት አቶ ገብረዝጊ አይስቱትም። መጽሐፍዎ ሊፈርስ ሆነ። ገደሏቸው፤ ጥፋቱን በነጋዴ ለማላከክም ሳንቲሙን አስጨበጧቸው። ሙነወር ሲገባ ጠብቀው ቆለፉበት።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገዛኢ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ዝም በለኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ። «ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነው። እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ከሙነወር እጅ ወጥቶ ገዛኢ እጅ ገባ። ገዛኢን ይዘውት ሲወጡ ሙነወር አብሮ አልወጣም። ደፉ ላይ ቆሞ ሚስቱ ዙሀራ ጋ ደወለ።

«መጣሁ» አላት። «በሩን አትዝጊው። እስክደርስ ወለል አድርገሽ ተይው።»