«ቀስ በቀስ» የቸኮለበት ቀን

ሰውየውን ሁሉም «ቀስ በቀስ» ነበር የሚሉት። የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ነው፤ በር ሲከፍት እንኳ በሩን ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። እኔ ደግሞ እሳት ነኝ። መጀመሪያ ያገኘኝም ጠረጴዛ በእርግጫ ስመታ ነው።

«ጠረጴዛው ምን አደረገሽ?»

«ጠረጴዛውማ ምንም። ይሄ ኮምፓይለር ግን ጨጓራዬን ላጠው!»

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ እኔው ያሻሻልኩትን ኮምፓይለር ከምንጭ ኮዱ ጀምሬ መገንባት ነበረብኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ፈታኞቼ ፊት መሥራት አለበት። ከሠራ እዚሁ ሥራ ይጠብቀኛል። ካልሠራ አባት ሆኖ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ወደ ቤት ይወስደኛል። «ሁለት ዓመት ታገስኩሽ፤ አሁንስ በቃ» ብሏል፤ ወንድሜ ደግሞ ካለ አለ።

ቀስ በቀስ አጠገቤ ተቀመጠና የስህተቱን ዝርዝር ከላይ ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። እኔ ሁሌም የማየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር።

«ታችኛው የሚጮኸው ላይኛው ስለነካው ነው» አለ። «ያንቺ ኮምፓይለር አዲሱን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ላይ ያለው አሮጌው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ያገኘውን ያነሳል።» ላይብረሪ የሚለው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን የተዘጋጀ ኮድ ነው።

«አሮጌውን እናጥፋዋ!»

«ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በእሱ ነው። አዲሱን ለብቻው ባንቺ ፎልደር እናስቀምጥና ኮምፓይለሩ መጀመሪያ እዚያ እንዲያይ እንንገረው። የጋራውን ግን አንነካም።»

ሰኞ እንዲህ አለፈ፤ የወንድሜን ዛቻም አጫወትኩት፤ ማክሰኞም ከአንዱ ስህተት ወደ ሌላው ስንሻገር መሸ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ዝም ሲል እኔም ዝም እላለሁ፤ ለእኔ ይሄ ተአምር ነው። አንዴ ሲያነብ ፊቱን ሳየው ድንገት ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። ወድጄዋለሁ፤ ምን አድበሰብሳለሁ!

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ክፍሉ ተተራምሷል። የፈተና ውጤት መመዝገቢያው አልከፈት ብሏል፤ የእኔም ግንባታ ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ላይብረሪ ተደበላልቆ ቆሟል። የክፍሉ ኃላፊ ከሩቅ አየችኝና ጣቷን ቀሰረች።

«ይቺ ናት! ላይብረሪ ስትጎረጉር የከረመችው እሷ ናት። አካውንቷ አሁኑኑ ይዘጋ!»

አካውንቴ ከተዘጋ ሐሙስ ቀረ።

«እሷ አይደለችም» አለ ቀስ በቀስ። «ትናንት ስወጣ አሮጌውን በአዲሱ የተካሁት እኔ ነኝ።»

እሱ ራሱ አንነካም ያለውን! ደሜ ፈላ። ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ለምን?»

«ቸኩዬ።»

«አንተ? አንተ ቸኩለህ?» ልሳቅ ወይስ ልጩህ፣ ራሴም አላወቅኩም። «ቢያንስ አትጠይቀኝም ነበር?»

መሬት መሬቱን እያየ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ኃላፊዋ አሮጌውን አስመለሰች፤ ለእሱ ማስጠንቀቂያ ጻፈች፤ እኔን ለቀቀችኝ። የተደበላለቀውን ሁሉ ደምስሼ ከዜሮ ጀመርኩ፤ አሁን የጋራውን ማንም ሳይነካ። እሱ ማሽን እንዳይነካ ስለተከለከለ ከኋላዬ ቆሞ ስህተቶቹን ያነብልኝ ነበር። ተኮራርፈን አራት ሰዓት ሙሉ ሠራን። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፋይል ያለ አንድ ስህተት ሲያልፍ ሳላስበው እጁን ይዤው ነበር። ኩርፊያዬ ግን አልወጣልኝም።

ሐሙስ ኮምፓይለሬ ፈታኞቼ ፊት ሠራ። «አልፈሻል» አሉኝ። ስወጣ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ እንደማላልፍ ተማምኖ ሻንጣዬን ከማደሪያዬ አውጥቶ መኪናው ላይ ጭኗል። ማለፌን ስነግረው ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ግድግዳው ሥር የቆመውን ቀስ በቀስን አየው። የረቡዕ ወሬ ደርሶት ኖሯል።

«ማሽኑን ያበላሸኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ለእኔ «ቸኩዬ» ብሎ ያለፈውን ለእሱ ጨርሶ ነገረው።

«ሥራዋ ለሐሙስ እንዲደርስና እህትዎን እንዳይወስዱብኝ ብዬ።»

ኩርፊያዬ የት እንደገባ እንጃ። ወንድሜ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ፊቴ ሁሉን ነግሮታል መሰለኝ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ?» አለው። «ውረድና ሻንጣዋን አውርድ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።