ያረጀ ዕቃ የሚቀበሉበት በር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ መኪናዬ በጃንዋሪ ብርድ፣ ሃይዌይ መሐል፣ ስልኬ ቻርጅ በጨረሰበት ሰዓት ትቁምብኝ። አስረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በምትባል ከተማ አንድ አፓርትመንት የምንጋራ ሁለት ወንደላጤዎች ነበርን፤ እኔና ኖህ። ኖህ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። አንድ ቀን የማይፈልገውን መብራት ሊሰጥ ሮቢንስዴል ወዳለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሄደ። በጓሮ በር ዕቃ የምትቀበለው አስመራ የተወለደች ነብያት የምትባል ልጅ ነበረች። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግባቸው ድረስ መብራቱን ሁለቱም እንደያዙት ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ኖህ በሳምንት ሦስቴ ይሰጥ ጀመር። በዚያ በር ባዶ እጁን የሚቆም የለማ። መጀመሪያ ድስት፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ወንበር። ወንበሩ የእኔ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ቤታችን ሳስነጥስ መልሶ የሚያስነጥስ አዳራሽ ሆነ፤ እራታችንን ቆመን እንበላለን።

ነብያት የተቀበለችው ዕቃ በምን ሁኔታ እንዳለ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል መጻፍ ነበረባት። ቃላቱን ያስተማረቻት ሊን የምትባል ቻይናዊት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሊን እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው የአገሯ ልጆች ብላ ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ለጥፋለች፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ቻይንኛው። ነብያት ቻይንኛውን ስለማታነብ ሊን ዕቃውን እያስዳሰሰች ነው ያስረዳቻት። ዎርን ሥራ የበላው ነው። ትሬድቤር ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። አውትዴትድ ራሱ ደህና ሆኖ ዘመን ጥሎት የሄደ ነው። ሻቢ ግን ባለቤቱ ችላ ያለው ነው፤ ሲያዩት ያሳፍራል። ነብያት ከሥራ ስትመለስ እነዚህን ቃላት ለአባቷ ለአቶ ገብረትንሳኤ ትደግምላቸው ነበር።

ጃንዋሪ ሲገባ ኖህ የሚሰጠው አለቀና ኮቱን አወለቀ። አንገትጌው ሰፊ የሆነ ወፍራም ቡናማ ኮት ነው።

«ይኼንንም?» አለችው።

«ሌላ አለኝ» አላት።

አልነበረውም። ነብያት ኮቱን ገለበጠችው፣ ስፌቱን አየችው፣ «አውትዴትድ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ቆየች።

በሁለተኛው ሳምንት ኖህ በሹራብ እየተንቀጠቀጠ ካውያ ይዞ ሲመጣ ካውያውን አልተቀበለችውም። በመጪው ቅዳሜ ድንበር ተሻግራ ካልጋሪ እንደምትሄድ፣ አባቷ እዚያ ላለ ሰው ሊድሯት ቃል እንደሰጡ በቀስታ ነገረችው። እሱ ካውያውን እንደያዘ ተመለሰ፤ ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ሲያመላልስ አንዲት የፍቅር ቃል አላመጣማ።

ቤት መጥቶ ባዶው ወለል ላይ ተዘረረ። አልበላም፣ አልተኛም። ከሥራ ቀረ። ፈራሁለት። ቀልዴን ሁሉ ሞከርኩ፤ ጣሪያውን ነው የሚያየው። በመጨረሻ ሽማግሌ እንላክ አልኩት። ሽማግሌ ግን ከየት ይምጣ? ሰው ሁሉ እሑድ ኦቨርታይም ይሠራል። የተገኙት ጡረተኛው አቶ ሐብተማርያም ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እኔ ሆንኩ። ከዘራ ተዋስኩ፣ ጢሜ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። በደንቡ አግቢው አብሮ አይሄድም፤ ኖህ ግን አልቀርም ብሎ በዚያው ሹራብ ተከተለን።

አቶ ገብረትንሳኤ በሩን ሲከፍቱልን ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበርና ኮታቸውን ገና አላወለቁም። ሰፊ አንገትጌ ያለው ወፍራም ቡናማ ኮት። የኖህ ኮት። ነብያት ሌላ ሰው እጅ ሳይገባ ገዝታ ለአባቷ ሰጥታቸው ኖሯል።

አቶ ሐብተማርያም እንደቆሙ ነገሩን ጀመሩ። አባት እሳቸውን ትተው ኖህን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ኮትህ የት አለ?»

«የለኝም አባባ።»

«ልጄ ከሥራ ያመጣችው ቃል አለ፤ ሻቢ ትለዋለች። በዚህ ብርድ የራሱን ጀርባ ያልሸፈነ ሰው ልጄን ምን ሊያለብሳት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ኖህ አየኝ፤ ዘጋሁት። «የለበሱት የእኔን ነው» ማለት ለእሱ ቀላል ነበር። ቢል ግን ሰውየው በገዛ ቤታቸው፣ በእንግዳ ፊት ያፍራሉ፤ ልጅቷም ትጋለጣለች። ባይል ቅዳሜ ትሄዳለች። ነብያት ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ጣቶቿ መቃኑን ጨብጠው ነጥተዋል። እሱ አላያትም።

«እውነትዎን ነው አባባ» አለ ኖህ። «ኮቱ ያምርብዎታል።»

እጅ ነሥቶ ወጣ።

በመስኮቱ አየሁት። መንገዱን ተሻግሮ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ በረዶው ትከሻው ላይ ሲወርድ አያራግፍም። ነብያት ማንንም ሳታይ በመሐላችን አልፋ፣ በቤት ነጠላ ጫማ ወጣች። አባቷ ስሟን ሁለቴ ጠሩ። ተሻግራ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ የትም አልሄድም» አለችው። «አንተ ካለህበት የትም።»

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ይቺን ንግግር የፈጠርኳት እኔ ነኝ። መንገድ ማዶ፣ ከድርብ መስታወት ጀርባ፣ ዱቄቴ በላብ እየቦካ ቆሜ ምን ልሰማ እችላለሁ? አፏ ሲንቀሳቀስ እንኳ አላየሁም። ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ሲከፍት ኖህ አልተነሣም። ቀድማ የገባችው እሷ ናት፤ እሱ ተከተላት።