የመጋረጃው ትርፍ

ሻምበል ወርቁ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወንበር ላይ ካወጣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው መልእክተኛ መጣ። ከሐረር ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ሞተው ተገኝተዋል። ሻምበሉ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሲኖር፣ ሞት አንድም ቀን አረፍ እስኪል ጠብቆት አያውቅም። ወሩ ግንቦት፣ ዘመኑ 1978 ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጉልበቱ ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ሟቿ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ። ከጎንደር ተመድበው መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሐረር ልጃገረዶች ስፌትና የቤት አያያዝ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሬሳቸው በሳሎኑ መስኮት ሥር ተንጋሏል። አጠገባቸው አንድ ወንበር ተገልብጧል፤ ከበላያቸው ገና ያልደረቀ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል።

«ግልጽ አደጋ ነው ጓድ ሻምበል» አለ የቀበሌው ጸሐፊ አቶ በቀለ። ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። «መጋረጃ ሲሰቅሉ ወደቁ። አለቀ።» ይህን ብሎ መዝገቡን ከፈተ፤ ጫፉ የተሰበረ የእንጨት ማስመሪያ አስደግፎ መስመር አሰመረና፣ የምስክሮችን ስም ሊጽፍ እርሳሱን በምላሱ አራሰ።

ሻምበሉ እያቃሰተ ተንበረከከ። መምህርቷ ማጅራታቸው ላይ ተፈንክተዋል፤ ከመስኮቱ ሥር ግን የደም ጠብታ የለም። ወደ ጓዳ የሚያስገባውን የድንጋይ ደፍ በመሀረቡ ጠረገው። ከስንጥቁ ውስጥ ቀይ ነገር ወጣ።

«ከመስኮት ሥር የወደቀ ሰው ደሙ ደፍ ላይ ምን ይሠራል?» አለ።

አቶ በቀለ መዝገቡን ከደነ። «እንግዲያው ሠራተኛዋ ናታ! ሬሳውን ያገኘች እሷ፣ ቁልፉ በእሷ እጅ!»

ሻምበሉ አፉን ሳይከፍት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ሠራተኛዋን አበበችን ግራና ቀኝ ያዟት። ነገሩ አላማረውም። በዚያ ዘመን ቀበሌ የያዘውን ሰው ማስለቀቅ ከአንበሳ አፍ ሥጋ መንጠቅ ነው። ዛሬውኑ ገዳዩን ካልያዘ ልጅቱ ትወሰዳለች፤ ከተወሰደች በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቅላታል?

«ለአንድ ሰዓት አቆዩልኝ» አለና ወደ ማድቤት ይዟት ገባ።

«ንገሪኝ ልጄ።»

«መጋረጃውን ጠዋት አጠብኩት። እትዬ ‹መንጠቆውን እኔ እሰካለሁ፣ አንቺ ጊደር መጋላ ገበያ ሄደሽ በርበሬ ግዢ› አሉኝ። ስመለስ...» ልቅሶዋ አላስጨረሳትም።

«የተጣላቸው ሰው አለ?»

«መብሩካ ጨርቅ ነጋዴዋ ትናንት ስለ አንድ ጨርቅ ተከራክራቸው ነበር። አቶ በቀለም ትናንት መዝገብ ይዘው መጥተው፣ እትዬ ‹እጄ ቢቆረጥ አልፈርምም› ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም፤ ማንበብ አልችልም።»

በግቢው በር ላይ ተቀምጦ የሚውለው ጫማ ሰፊ አሕመድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከውጭ የገባች መብሩካ ብቻ መሆኗን በአላህ ስም ምሎ ተናገረ። እንግዲህ እዚያው ግቢ ከሚኖረው ጸሐፊ ጋር ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። ሻምበሉ በጣቱ ቆጥሮ ተነፈሰ።

ወደ ሳሎኑ ተመልሶ መጋረጃውን ሽቅብ አየው። የሆነ ነገር ዓይኑን ቆረቆረው። የግራው ጫፍ ቀጥ ብሏል፤ የቀኙ ግን እንደ ውሻ ጆሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ወንበሩን አቅንቶ፣ ጉልበቱን እየረገመ ወጣ። ከሟቿ የስፌት ሣጥን ባገኘው ሜትር በመንጠቆዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎም ሃያ ስምንት። ስምንቱም ክፍተት አንድ ነው፣ ዝንፍ አይልም። ከዘጠነኛው መንጠቆ በኋላ ግን ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያለ መንጠቆ ቀርቷል። በየመንጠቆው ሥር ደግሞ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ፈስሷል።

መብሩካ ከሱቋ ተጠርታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አላት።

«ወላሂ ተጣልተናል! የሸጥኩላቸው ጨርቅ ሲታጠብ አጠረ። ዛሬ ጠዋት ሌላ አምጥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሣቁና ሸኙኝ። እኔ ተማሪያቸው ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ቲቸር ቂም የያዙባት ተማሪ የለቻቸውም።»

«እስቲ መጋረጃውን እይልኝ።»

መብሩካ ቀና ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄን ቲቸር አልሰቀሉትም!»

«በምን አወቅሽ?»

«ቲቸር መጋረጃ ሲሰቅሉ ለክተው አያውቁም። እኛንም ሜትር ስንይዝ እጃችንን ይመቱን ነበር። ሁለቱን ጫፍ ትሰኪያለሽ፣ ጨርቁን ለሁለት አጥፈሽ እጥፋቱ ላይ ትሰኪያለሽ፣ ግማሹን ደግሞ ለሁለት፣ እንዲያ እያልሽ ዘጠኝ ይሞላል። ‹የሚለካ ሰው ትርፍ ይተዋል፣ የሚያጥፍ ሰው ግን ትርፍ የለውም› ይሉን ነበር። ነጥብስ ምን ሊሠራ? ምልክት ቢያስፈልገን እንኳ በሳሙና ስባሪ ነው።»

ሻምበሉ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ፤ ሬሳው ወደ ጓዳ ገብቶ ነጠላ ለብሷል። ከሌላው መስኮት መጋረጃ አውርዶ መንጠቆዎቹን ነቀለና ለአበበች ሰጣት።

«ስኪ።»

ጫፍና ጫፉን ሰክታ ጨርቁን ለሁለት አጠፈችው። እዚህ ቤት ሰባት ዓመት የለመደ እጅ መፍራትን አያውቅም።

«ይበቃል» አለ ሻምበሉ። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሞቱት እዚህ ደፍ ላይ ተገፍተው ነው። የገፋቸው ሰው ደነገጠና አደጋ ለማስመሰል ወደ መስኮቱ ጎተታቸው። እርጥብ መጋረጃና ዘጠኝ መንጠቆ ተዘጋጅቶ አገኘ፤ ወንበር ላይ የወጡበት ምክንያት ሆነለት። መንጠቆ መሰካት ግን አያውቅም። አበበችና መብሩካ ያጥፋሉ፤ እሱ ለካ። የለካበት ነገር ደግሞ ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው። ዓለም ላይ ማን ሃያ ስምንት ብሎ ይለካል? አቶ በቀለ፣ ማስመሪያዎን ያምጡ።»

ጸሐፊው አልተነቃነቀም። ሻምበሉ ራሱ ከመዝገቡ ውስጥ መዘዘው። ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተሰብሯል፤ የቀረው ሃያ ስምንት ነው። ከጸሐፊው ደረት ኪስ እርሳሱን አወጣና በምላሱ አርሶ መጋረጃው ላይ ነካ አደረገ። ሐምራዊ ሆኖ ፈሰሰ።

«ጠዋት ለማስፈረም እንደገና መጡ። ወይዘሮዋ ለምን እንዳልፈረሙ መዝገቡ ይናገራል።» ገጹን ወደ ብርሃን ዘረጋው። የብሔራዊ ውትድርና ተመልማዮች ዝርዝር ነው፤ አሥራ ሁለት ስም አለው። አራተኛው ስም በምላጭ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል፤ ሻምበሉ ጮክ ብሎ ሲያነበው የአበበች ወንድም ሆኖ ተገኘ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከፍቁ ሥር የጸሐፊው ልጅ ስም አሁንም ይታያል። የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊርማ ቦታ ባዶ ነው።

አበበች አፏን በሻሿ ያዘች።

«መግደል አልፈለግሁም» አለ አቶ በቀለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «መዝገቡን ሊቀሙኝ ሲሉ ገፋኋቸው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው ሻምበል። እርስዎ ልጅ የለዎትም?»

«ነበረኝ» አለ ሻምበል ወርቁ።

ጸሐፊው እጁን ራሱ ዘረጋ፤ ሻምበሉም አሰረው፤ ማሸነፉ ግን ቅንጣት ደስ አላሰኘውም።

«ሻምበል፣ መዝገቡን ለእኛ» አለ ከጥበቃዎቹ አንዱ። «ዝርዝሩ ነገ መድረስ አለበት።»

ሻምበሉ መዝገቡን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። «ይህ ኤግዚቢት ነው። ፍርድ ሳይሰጥ ከእጄ አይወጣም።»

«ፍርዱ መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ። አርጅቻለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።»

ሌላ ዝርዝር እንደሚዘጋጅ ያውቃል። ግን ሌላ ዝርዝር ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋል፣ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ፊርማ። ቢያንስ አንድ ወር ይፈጃል። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ አበበች ዞረ።

«ገጠር ዘመድ አላችሁ?»

«ጉርሱም አጎት አለን።»

«ወንድምሽ አጎቱ ናፍቆት ይሆናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይሂድና ይጠይቀው።»

አበበች ለአፍታ አየችው። ከዚያም ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፤ ያንኑ የሚያመውን።